ስተኛ የሚጠፋው እብጠት

ጥቅምት 4፣ 2003
ኮኪት ከተማ። ትምህርት፣ ልምምድ፣ ቤት። ስምንት ዙር ሮጥኩ። ሙቀቱ አያስተነፍስም... ካልሲዬን ሳወልቅ አየሁት። ቀኝ ቅልጥሜ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ግማሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት። አያምም። ምን ነክቶኝ ነው?

ጥቅምት 11
አሁንም አለ። ስሮጥ ይወጣል፣ ስተኛ ይጠፋል። ለስፖርት መምህራችን ለጋሼ ዋለ ነገርኳቸው። "ጸዳለ! የዞን ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው?" አሉ። እኔ የቀጠርኩት ይመስል!

ጥቅምት 13
ጤና ጣቢያ። ረጅም ወረፋ። ነርሱ አልጋው ላይ ተኚ አለኝ። ተኛሁ፤ ጠፋ።
"የታለ?"
"ስሮጥ ነው የሚወጣው።"
"እንግዲያ አትሩጪ።"
የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ። አያምም እኮ አልኩት! ከማን ጋር ነው የማወራው?

ጥቅምት 17
እማዬ ሰማች። እየጎተተች ወጌሻዋ ጋ፣ እማማ መስቱራ ቤት ወሰደችኝ። "ሥር ዞሮ ነው" አሉና በዘይት አሹኝ፣ አሹኝ... ይተዉኝ ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶ! "ቻይ ልጄ፣ ቦታው ይገባል።" የማያመኝ እግር ይኸው አመመኝ።

ጥቅምት 18
እያነከስኩ ዋልኩ።

ጥቅምት 22
እማዬ ሩጫውን ተይው አለች። "የጎረቤታችን የዙፋን ልጅ እንዲህ ጀምሮት አይደል እግሩ የተቆረጠ?" የሱ ሌላ ነው፣ ካንሰር ነበር አልኳት፤ ሌት ተቀን ያመው ነበር። ግን እኔስ ምን አውቃለሁ? ፈራሁ...

ጥቅምት 27
ጋሼ ዋለ ስሜን ሰረዙት። "ላንች ብዬ ነው።" ሁሉም ለኔ ብሎ ነው! አንድ ሰው እንኳ ቆመሽ አሳይኝ ያለኝ የለም።

ኅዳር 6
ጎንደር ሆስፒታል፣ ከእማዬ ጋር። ሰሊጥ በጫነ መኪና ጋቢና መጣን። ሐኪሟ ዶክተር ሠላማዊት ትባላለች። ልተኛ ስል "ተይ፣ ደረጃውን አምስት ጊዜ ሮጠሽ ነይ" አለች። ሮጥኩ። ወጣ! እንደቆምኩ በአልትራሳውንድ አየችው። ጡንቻውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ተቀዷል። ስሮጥ ጡንቻው በቀዳዳው ብቅ ይላል፤ ስተኛ ይመለሳል። ሯጮች ላይ ያጋጥማል አለች።
"ይቆረጣል?" አለች እማዬ።
"ኧረ እናቴ፣ ምን በወጣት! ካንሰር አይደለም።"
እማዬ እዚያው አለቀሰች።
መታሸት ክልክል። የሚያጠብቅ ካልሲ አድርጌ ቀስ በቀስ መሮጥ እችላለሁ። ካመመኝ ወይ ከደነዘዘኝ ተመልሼ መምጣት አለብኝ።
ደስ ብሎኛል። ግን ንድድ ብሎኛል። ለዚህ ነው ወር ሙሉ?

ጥር 16
የአጎራባች ወረዳዎች ውድድር፣ ሦስት ሺህ ሜትር። አራተኛ። አራተኛ! መጨረሻው ዙር ላይ ሦስተኛ ነበርኩ፤ አንዲት የገለጉ ልጅ በውስጥ በኩል አለፈችኝ። እንዴት ውስጡን እከፍትላታለሁ? ቂል!
እማዬ ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች። "እግርሽስ?"
"የቱ እግሬ?" አልኳት።
እስክትጠይቀኝ ድረስ ትዝም አላለኝ።