ሁለት መስመር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የቅዳሜው ኮንሰርት ልምምድ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። ያው ቀልደኛው ነው… ቪዮላውን ረስቶ ዳቦውን ብቻ ይዞ መጣ፣ ተመልሶ ሄደ። "እናንተ ቪዮላ ሳትሰሙ ትኖራላችሁ፣ እኔ ግን ሳልበላ አልኖርም" አለ። ሳቅን። እኔ ሃያ ደቂቃዋን አንድ በአንድ ቆጥሬያት ነበር።

ሦስቱ አብረው መጫወት ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ጋሼ አንደኛ ቫዮሊን፣ እትዬ መሬት ላይ የሚቆመውን ቼሎ፣ ቀልደኛው ከቫዮሊን ትንሽ የምትበልጠውን ቪዮላ። እኔ የገባሁት ሁለተኛ ቫዮሊናቸው የነበረው ሰው አገር ሲለቅ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቴ። አሁንም "አዲሱ" ይሉኛል። በአርባ ስድስት ዓመት አዲስ!

ጋሼ አንድ ቀን "አንተ ካለህ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም" ብለውኛል። ምስጋና ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ከሰዓት ቫዮሊን የማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አራት ተማሪ። ቤት ገብቼ የተረፈውን ምግብ ቆሜ በላሁ። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ማሰናዳት ሞኝነት ይመስለኛል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

እሺ፣ ልጻፈው።

ኮንሰርቱ ትናንት ከሰዓት ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ፣ ሰማንያ ያህል ሰው። የሙዚቃው ሦስተኛ ክፍል ላይ ጋሼ ሁለት መስመር ኖታ ዘለሉ። ሙሉ ሁለት መስመር! እትዬና ቀልደኛው ቀና እንኳ ሳይሉ አብረዋቸው ዘለሉ። እኔስ? እኔ ምቱን እየቆጠርኩ ነበር… ኖታው ላይ የተጻፈውን አንድም ሳላጎድል ቀጠልኩ። ብቻዬን።

ድምፁን እንዴት ብዬ ልግለጸው… ሰሃን የያዘ ሰው ደረጃ ላይ ሲወድቅ። ጋሼ ደጋናቸውን አወረዱ። ሁላችንም ቆምን። ፊት ወንበር የተቀመጡ ሰውዬ ፕሮግራሙን ገለጥ አደረጉ፣ አልቆ እንደሆነ ሊያዩ። ከዚያ ክፍሉን ከመጀመሪያው ጀመርን። የጋሼ አንገት እስከ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር።

ማን ተሳሳተ? ጋሼ። ማን ትክክል ነበር? እኔ። ታዲያ ለምን ሦስቱም ሳያዩኝ ሄዱ? ቀልደኛው እንኳ አንዲት ቃል አልወጣውም። እሱ ዝም ካለ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ከእትዬ አጭር መልእክት። "የዛሬው ልምምድ ቀርቷል።" ለምን እንደቀረ አልጻፈችም። የቫዮሊኔን ክሮች ቃኝቼ ነበር፤ መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

እህቴ ደወለች። የሆነውን ነገርኳት።

"ታዲያ አንተ ትክክል ነበርክ አይደል?"

"አዎ።"

ስኒ ስታስቀምጥ ተሰማኝ። ከዚያ… "ሚስትህ የሄደች ጊዜም እኮ ትክክል ነበርክ።"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእሷ ግን አላመለጣትም፣ አስባበት ነው። ደህና ሁኚ ሳልላት ስልኩን ዘጋሁት።

ያን ቀን ሚስቴ ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ምን ነበር ያለችኝ? "ካንተ ጋር መከራከር ሰለቸኝ። ሁሌ ትረታለህ። ረትተህ ደግሞ ብቻህን ትቀመጣለህ።" ስድስት ዓመት ሆነው። ብቸኝነት ያመኛል። እዚህ ላይ እንኳ ልጻፈው፣ ማን ያየዋል።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ልምምድ ዛሬም ቀረ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ግን እትዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ያለ ቼሎዋ ሳያት ትንሽ ሴትዮ መሆኗን አወቅኩ።

"ጋሼ ዓይናቸው ዳር ዳሩን እንጂ መሀሉን አያይም" አለችኝ፣ እንደምን ዋልክ እንኳ ሳትል። "ሁለት ዓመት ሆነው። መስመር ይጠፋባቸዋል።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ… ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አንተማ ብታውቅ ትነግራቸው ነበራ። ስንት ጊዜ፣ የት የት ቦታ እንደሳቱ ቆጥረህ።"

እውነቷን ነው።

ሲዘሉ እሷና ቀልደኛው አብረዋቸው ይዘላሉ። ጋሼ ግን ይህን አያውቁም ትላለች፤ ካወቁ በማግስቱ ቫዮሊኑን ይሰቅሉታል። እኔ ያላወቅኩት ለምን ነበር? እስከዚያ ቅዳሜ የሚዘሉት እኔ በማርፍበት፣ በማልጫወትበት ቦታ ነበር። ዕድል! ወይስ ሰምቼ አላውቅም ነበር?

"ኅዳር ስድስት ኮንሰርት አለ" አለች። "አብረሃቸው መዝለል ከቻልክ ና። ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ፣ ሌላ ሰው እንፈልግ። ሰው ፊት ሁለተኛ እንዲያፍሩ አልፈቅድም።"

"እትዬ፣ ስህተት ሥራ እኮ ነው የምትይኝ።"

"አዎ ስህተት ነው። አራታችን ከሠራነው ግን አይሰማም። እስከ ሐሙስ አስብበት።"

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጠዋት ሙሉ "አልመጣም" የሚለውን ስልክ ለመደወል ስዘጋጅ ቆየሁ። ቃላቱንም ደርድሬያቸው ነበር።

ከሰዓት ሁለት ተማሪዎች፣ ፍንጭቷና ረጅሟ፣ ለሁለት ቫዮሊን የተጻፈ ቁራጭ ይጫወታሉ። ረጅሟ መሀል ላይ ዘለለች። ፍንጭቷ ትንሽ ተንገዳገደችና አገኘቻት። አብረው ጨረሱ።

"የት እንደሄደች እንዴት አወቅሽ?"

"አላወቅኩም መምህር። አንዷን ድምፅ ዝም ብዬ አርዝሜ ጎተትኳት፣ እሷ የት እንደደረሰች እስክሰማ ድረስ።"

"ቁጥርሽስ?"

"እሷ ከሄደች ቁጥሬን ምን ላርገው?"

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ቁጥራችሁን እንዳትለቁ እያልኩ ስንት ልጅ አስተምሬያለሁ… አልተቆጣሁም። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለእትዬ ደወልኩ። የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

"እሞክራለሁ" አልኳት።

"ሙከራ አይደለም የጠየቅኩህ።"

"እሺ። እመጣለሁ።"

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ልምምድ። ጋሼ እንደ ወትሮው እጄን ጨብጠው ሰላም አሉኝ። ስለዚያ ቅዳሜ ማንም አላነሣም።

አንድ ጊዜ ዘለሉ። ቆጠርኩ። ቀልደኛው እግሬን ረገጠኝ። ሁለተኛ ዘለሉ… አሁንም ቆጠርኩ! ልቤ ሂድ ይላል፣ እጄ እንቢ ይላል። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ።

ጋሼ አቆሙና "ማን ነው የጠፋው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ።

ሳልጠፋ ጠፋሁ ማለት… በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ስንወጣ ቀልደኛው ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "አዲሱ፣ ውሸት አያምርብህም። ግን ከኔ ቪዮላ ይሻላል።" ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የቀለደብኝ ዛሬ ነው። እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሦስት ጊዜ ዘለሉ። ሁለቱን ያዝኩ። ሦስተኛዋ አመለጠችኝ። አራት ቀን ቀረ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ያው አዳራሽ። ሰው ግን በዛ፤ የወደቅንበትን ሊያይ መጣ ወይስ ሊሰማን?

ሁለተኛው ክፍል ላይ ጋሼ አንዲት መስመር ሳቱ። አንዷን ድምፅ ጎተትኳት፣ ሰማኋቸው፣ ገባሁ። አለፈ።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ሁለት ገጽ ባንዴ ገለጡ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አጠገባቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሁለቱ አላዩም። መስመር አይደለም እኮ፣ ሙሉ ገጽ! ምን ልሥራ? እንደዚያ ቀን ብቆጥር ማንም አይፈርድብኝም…

ገጼን ገለጥኩና ሄድኩ። ሁለቱ እንዲሰሙኝ ጮክ አድርጌ ገባሁ። እትዬ ወዲያው ደረሰችብን፣ ቀልደኛው ተከተለ። ሰው እስኪበቃው አጨበጨበ። ከሙዚቃው ሁለት ደቂቃ ያህል ጎድሎ ነበር፣ ማንም አላወቀም።

ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል ጋሼ ቫዮሊናቸውን በጨርቅ እየወለወሉ "ዛሬስ የቱ ጋ ዘለልኩ?" አሉ።

ሁለቱ ደነገጡ።

"የትም አልዘለሉም ጋሼ" አልኩ።

ሳቁ። "ልጄ፣ የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ስዘል ልትከተሉኝ ስትንደረደሩ ወንበራችሁ ሲጢጥ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ወንበር ስሰማ ኖሬያለሁ። ዛሬ መድረክ ላይ ሦስት ሰማሁ።"

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች።

"በሉ እንግዲህ፣ አሁን ባቆምም ግድ የለኝም" አሉ። የደጋናቸውን ፀጉር አላልተው ሳጥኑን ዘጉት። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ለጋሼ ይሁን ለራሴ እንጃ።

ወደ ቤት በእግሬ። መንገድ ላይ ስልኬ ጠራ፣ እትዬ ናት። በሦስት ዓመት ውስጥ ያለ ሥራ ደውላልኝ አታውቅም።

"ደረስክ?"

"ደረስኩ" አልኳት፣ እንዳታስብ። ገና መሀል መንገድ፣ ድልድዩ ላይ ነበርኩ።