ወባ ያልገደላት እህቴ

ይድረስ ለልጄ ለስርጉት፤ ባሕር ተሻግረሽ ለራቅሽብኝ።

እንደምን ከርመሻል? ቁስልሽ ጠገገ? ክንድሽስ ልብስ ስትለብሺ ይታዘዝልሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይስ እንደ እኔ ጣራ ትቆጥሪያለሽ? ያንን ክንድ አንሥቼ ላጥብሽ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። ከጉልበቴና ከሸሕዲ ሙቀት በቀር ጤና ነኝ። በናፍቆት በኩል ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ከሄድሽ ሰባት ዓመት ሞላሽ።

ጽሕፈቴን አትሳቂበት፤ ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከሸበተ ወዲያ ነው። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ሌላ ነበር። የዛሬውን ለማንም አላስጽፍም። በስልክም ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ።

ጡትሽን ታመሽ በባዳ አገር ቀዶ ጥገና ስትገቢ ለእኔ ጉንፋን ይዟት ነው አላችሁኝ። ከዳንሽ በኋላ ነው እህትሽ ሰርክአዲስ እየተቅለሰለሰች የነገረችኝ። ጨረር ያለው መድኃኒት ወጓት ስትለኝ ልጄን አቃጠሏት ብዬ ጮኽሁ። እሷም ከአንቺ የሰማችውን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ ቶሎ ይከስማል፤ ሕመሙ ከጡት ቢወጣ መጀመሪያ የሚሄድበትን መንገድ ይዞ ብብት ሥር ያለችው ንፍፊት ላይ ያርፋል። ሐኪሙ እንደ እስክርቢቶ ያለ መሣሪያ ሲያስጠጋ ይጮሃል፤ የጮኸበትን ብቻ አውጥቶ ሌላውን አይነካውም አለችኝ። እንደ መተማ ዮሐንስ ኬላ ፈታሾች መሣሪያ በይኛ አልኋት፤ የእኛው ግን የሚጮኸው ድሃ ላይ ብቻ ነው። በሳቅ ፈረሰች።

ሳቃችንን ያቆመው ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ሐኪሙ ከዘመድሽ ይህ ሕመም የነበረበት አለ ወይ ቢልሽ፣ የለም፣ አክስቴም የሞተችው በወባ ነው ብለሻል አሉ።

ልጄ፣ አክስትሽን ባየሽን ወባ አልገደላትም።

እኔ ሰሊጥ አረም ስውል አዝላ ያሳደገችሽ ታናሽ እህቴ፣ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ሁለት ክረምት በነጠላዋ ሸፍና ኖረች። ሲሸት ነው ያወቅሁት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ ወንድ ፊት ደረቴን ከምገልጥ አፈር ይግባኝ፣ ለሰው ብትነግሪ እህቴ አይደለሽም ብላ በማርያም አስማለችኝ። እኔ ሞኟ መሐላዬን ጠበቅሁ። ስትሞትም ወባ ነው አልሁ። በእኛ ቆላ ወባ ካሉት ደግሞ የሚጠይቅ የለም፤ ለቀስተኛው ወባን ረግሞ ሄደ። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬ ረገምሁ። ለእሷ መሣሪያ ቀርቶ እህት እንኳ አልጮኸችላትም።

ለሐኪምሽ እውነቱን ንገሪው። ዕድሜዋን ከጠየቀሽ ስትሞት ሠላሳ አራት ነበር።

ይህን ወረቀት በስልኳ አንሥታ የምትልክልሽ ሰርክአዲስ ናት፤ ሳታነብ እንደማትልክ አውቃለሁ። ታንብበው። አንቺ ሰርክአዲስ፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ አትቆጪኝ፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና ጎንደር ወጥተን አንቺም እኔም እንታይ።

ያላቀፍሁትን የልጅ ልጄን ካሌብን አንገቱ ሥር ሳሚልኝ። ባልሽን ደረበን፣ ስላስታመመሽ እግዜር ይስጥህ ብላሃለች በይው። አጎትሽ አዛናው ሰላም ብሎሻል። ጎረቤታችን ውባንች መቼ ነው የምትመጣው እያለች ታደርቀኛለች። እኔም ብሆን በር በተንኳኳ ቁጥር ስርጉት ነሽ ማለቱን አልተውሁም።

እናትሽ ፋናዬ
ሸሕዲ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.