ለጋሼ የፈረዱት ሁለት ዳኞች

ሰኞ

አሸነፍኩ። ሦስት ለሁለት። ጠበቃዬ ሰላም ከአዲስ አበባ ደውላ ስትነግረኝ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ ቁጭ አልኩ። ጎረቤላ ያለው የአባታችን ቤት ለእኔም ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼም እኩል ነው ብሏል ሰበር ችሎቱ። ከዚህ በላይ ይግባኝ የለም።

እልል ልል አማረኝና ተውኩት። ጋሼ ከከሰስኩት ጀምሮ አናግሮኝ አያውቅም። እሁድ የልጄ የሊያ ሰርግ ነው። አባቷ በሕይወት የለም፤ መርቆ የሚሸኛት ጋሼ ነበር።

ማክሰኞ

ሰላም ፍርዱን ይዛ መጣች፣ አነበበችልኝ። የእኛ ሽማግሌዎች አንድ ቃል ሳይሆኑ ከተቀመጡበት አይነሱም። እነዚህ ግን ተለያይተው፣ ልዩነታቸውን እዚያው ፍርዱ ላይ ጽፈው፣ አምስቱም ፈርመዋል።

ሁለቱ «ቤቱን ይዞ፣ እየጠገነ ለዓመታት የኖረበት ወንድሟ ነው፤ ክሷ ዘግይቷል» ብለዋል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ስትደግመው ግን ገረመኝ፤ የጋሼን ነገር ጋሼ ራሱ እንዲህ አሳምሮ ተናግሮት አያውቅም። የፈረዱብኝን ሰዎች ወደድኳቸው፣ ምን ላድርግ።

ረቡዕ

ጋሼ ለሊያ ደውሎ ሰርጉ ላይ አልመጣም አላት። «ዳኞቹን የሾማቸው መንግሥት ነው፤ እናትሽ ሰው ስላላት ተነግሯቸው ነው የፈረዱት።»

እኔ ሰው አለኝ? ከውኃ ክፍያው መሥሪያ ቤት ዘበኛ በቀር የማውቀው ባለሥልጣን የለም።

ሰላምን አሿሿማቸውን ጠየቅኋት። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመለምላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ፓርላማው ይሾማል። «አምስቱም የገቡት በዚሁ በር ነው» አለችኝ። ይህቺን ቃል ይዤ ዋልኩ።

ሐሙስ

ጎረቤላ ሄድኩ። ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፣ ግቢ አላለኝም። ያሸነፍኩበትን ትቼ ሁለቱ የጻፉትን ብቻ ቆሜ አነበብኩለት።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«ለአንተ የፈረዱት ሁለት ዳኞች።»

«እነሱን ደግሞ ማን ሾማቸው?»

«ሦስቱን የሾመው። ተነግሯቸው ቢሆን አምስቱም አንድ ይሉ ነበር፣ ጋሼ።»

«ድገሚልኝ» አለ። ስደግምለት በርጩማ አወጣልኝ። ስጨርስ «ለካ የሰማኝ ሰው ነበር» አለ፣ ለራሱ ነው ያለው። ሰርጉን አላነሳም፤ እኔም ፈራሁ። ወረቀቱን ትቼለት መጣሁ።

ዓርብ

ድንኳኑ ተተከለ። ሽንኩርት ቀረ፣ ወንበር ቀረ። ሊያ «ጋሼ ይመጣል?» ትለኛለች። እንጃ።

እነዚያ አምስቱ ግን ከአእምሮዬ አልወጡም። ዛሬም አንድ ላይ ተሰይመው የሌላ ሰው ጉዳይ እየሰሙ ይሆናል፣ ሳይኳረፉ። እኛ ከአንድ እናት ወጥተን አቃተን።

ቅዳሜ

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።

«ፍርዱ ልክ አይደለም» አለኝ።

«እሺ ጋሼ።»

«ልክ ሁለቱ ናቸው።»

«እሺ።»

ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ነበር።

«ሙሽራዋን በስንት ሰዓት ነው የምንሸኛት?» አለኝ።