«ጭስ አይቸኩልም» ያለው ማነው?

ሰኞ፣ ማርች 4
የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ ሁለት አለቀ። በጋና ባሕር ዳርቻ ስላሉት የኤልሚና ሴቶች፣ ዓሣ በጭስ ስለሚያደርቁት። አንዷን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አነበብኳት፦ «ጭስ አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው ገዢ ነው።» «አራባ፣ ለካ ትችያለሽ...» አልኩት ለራሴ። የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ ኬንኬ በልቼ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 7
አማካሪዬ ዶክተር ባይዱ አስጠሩኝ። ዓረፍተ ነገሯን በቀይ ከበዋታል።
«ይህቺን ከየት አመጣሻት?»
«ከራሴ።»
«የኔ ናት። መጽሐፌ፣ ገጽ አርባ አንድ።»
አሳዩኝ። ቃል በቃል! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ሰው ጠፍቶ ከአማካሪዬ? እስከ ሰኞ ካላስረዳሁ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ምርቃቱም ቀረ።

ዓርብ፣ ማርች 8
ደብተሬን ገለበጥኩ። ዓረፍተ ነገሯ እዚያው አለች። የመጽሐፉን ቃልና የራሴን ሐሳብ በአንድ እስክሪብቶ ደባልቄዋለሁ። ትእምርተ ጥቅስ የለ፣ ገጽ የለ። ስድስት ወር ቆይቼ ሳየው በእጄ የተጻፈ ሁሉ የኔ መሰለኝ። አልሰረቅኩም... ግን ማን ያምነኛል?

ቅዳሜ፣ ማርች 9
ኤልሚና ሄጄ ከአክስቴ ከኤፍዋ የዓሣ ማድረቂያ ምድጃ አጠገብ አለቀስኩ። ዓረፍተ ነገሯን አነበብኩላት።
«ይሄማ የኔ ንግግር ነው» አለች።
«እንዴት?»
«ድሮ አንድ መነጽራም ልጅ መጥቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠይቀኝ፣ ሲጽፍ፣ ዓሣዬን ሲበላ። ስሜን እንኳ አልጠየቀም።»
ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ፈራሁ። ይሄ ለዶክተር ባይዱ በምን አፍ ይነገራል?

ሰኞ፣ ማርች 11
አክስቴ የክት ልብሷን ለብሳ ተከተለችኝ። ብለምናት አልቀር አለች። ቢሮ ስንገባ ዶክተሩ ተነሱ፤ አወቋት።
«አንተ ልጅ፣ ቃሌን ውሰድ፤ ስሜን ለምን ተውከው?»
ዶክተሩ ከመደርደሪያ አሮጌ ደብተራቸውን አወጡ። ገለጡት። ትእምርተ ጥቅስ የለ፣ ስም የለ... ቁርጥ የኔን ደብተር!
«ሁለታችሁንም ያስተማረ የለም እንዴ?» አለች አክስቴ።
ዶክተሩ እስክሪብቶ አነሱ። «እማማ፣ እርስዎስ ከማን ሰሙት?»
አሰበች። «ከአማቴ ከኩኩዋ። ነፍሷን ይማር። እሷንም ጻፍ።»
ጻፉ። ስለ ኮሚቴ ማንም አላነሳም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18
ምዕራፍ ሁለት አለፈ። የግርጌ ማስታወሻው ከዓረፍተ ነገሯ ይረዝማል፦ ኤፍዋ አንሳህ፣ ከአማቷ ከኩኩዋ የሰማችው፣ ባይዱ የመዘገበው፣ ገጽ 41። አሁን ሳልጠቅስ መተንፈስ ሁሉ ያስፈራኛል። ትናንት ለጓደኛዬ «ዛሬ ይዘንባል» አልኩና «ሬዲዮ እንዳለው» ብዬ ጨመርኩ።
ገጹን ለአክስቴ ወሰድኩላት። ማንበብ አትችልም። ስሟ የቱ ጋ እንዳለ አሳየኋት። ጣቷን አሳረፈችበት። ዓሣው ማረር ጀመረ፤ ብነግራትም ጣቷን አላነሳችም።