ጣሰው ደጅ ላይ ድንጋይ ያነሣሁ ለት

ጥቅምት ፲ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.፣ አንኮበር
ብርድ። ከማለዳ ጀምሮ ዳዊት ስጽፍ ዋልኩ። ብራናው ጉልበቴ ላይ፣ አፍንጫዬ ብራናው ላይ። ለምሳ ልነሣ ብል ወገቤ እምቢ አለ። ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። አልታየች አይታ ሳቀች። «ቁም ጸሐፊ ተብለህ መቆም አቃተህ?» ሚስት ናት፤ ምን ይደረጋል...

ጥቅምት ፲፪
የሚካኤል ማኅበር ጣሰው ቤት ነበር። የአልታየች ታላቅ ወንድም ነው፤ ወደ አልዩ አምባ መውረጃው ላይ የሚኖር የበቅሎ ነጋዴ። ጠላው ሞቅ ሲያደርገው «ያ ጎባጣ መጣ! ምን ጠፍቶበት ነው መሬት መሬት የሚያየው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔስ ዝም እላለሁ? «አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ከበቅሎ ኋላ ስትሄድ ከጭራ በቀር ያየኸው የለ» አልኩት። የእኔ የበለጠ አሳቀ። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ጥቅምት ፲፬
አልታየች ወንድሜን ይቅርታ ጠይቀው አለች። በገዛ ቤቱ፣ በሰው ፊት አዋረድከው አለች። እሱ ቀድሞኝ የለ እንዴ? «ለሰው አልጎነበስም» አልኳት።
«ለብራናማ ቀኑን ሙሉ ትጎነበሳለህ!»
ነጠላዋን አንሥታ ወንድሟ ቤት ወረደች። ትሂድ።

ጥቅምት ፲፱
ሽሮው አረረብኝ። ደግሜ ሠራሁ፣ ደግሞ አረረ። ወገቤን የሚያሽልኝ የለ። እውነቱን ልጻፍ... ናፈቀችኝ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

ጥቅምት ፳፬
ጉድ ሆንኩ! በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው።
ዛሬ እንደ መንገደኛ በጣሰው ደጅ አለፍኩ። አልታየችን በአጥር ለማየት ነው፤ ለሌላ አይደለም። ውሻው ጮኸ። ምን ፈልጌ መጣሁ ልበል? ደጁ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። ለብራና መጫኛ ይሆናል። እግሬን ገትሬ፣ ከወገቤ ታጥፌ፣ ብድግ አድርጌ ትከሻዬ ላይ ላወጣው ስል... ቀጭ! ድንጋዩ ማጅራቴ ላይ፣ እኔ እጥፍ እንዳልኩ ቀረሁ። መቃናት የለ፣ መጣል የለ።
ጣሰው ወጣ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ላይ የጎነበሰ አማች አየ። ሌላ ምን ያስብ? ጎረቤቱ አባ ወልደተንሣኤ መስቀላቸውን ይዘው ሮጡ። «ይቅር በለው፣ ስለ እግዚአብሔር!» ጣሰው አለቀሰ። «ይቅር ብያለሁ። ተነሥ።»
አልተነሣሁም። እንዴት ልነሣ?
«ተነሥ እንጂ! ሌላ ምን ቀረህ?... እህቴን ነው? እሺ፣ ውሰዳት!»
እልል ተባለ። ወገቤ ነው አላልኩም። በጣሰው በቅሎ ላይ በሆዴ ተጭኜ ቤቴ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ያየሁት ጭራና ኮቴ ነው።

ኅዳር ፩
አልታየች የጋለ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ወገቤ ላይ ታደርጋለች። «እኛ እንስራ ስናነሣ ቁጢጥ ብለን፣ በጉልበታችን ነው» አለችኝ። ብራናዬንም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው፤ ቀና ብዬ እንድጽፍ። አንድ ቅጠል በጨረስኩ ቁጥር ተነሥቼ ግቢውን እዞራለሁ። ጎረቤት ዶሮ የምጠብቅ መስሎታል። ግን ተሻለኝ።

ኅዳር ፲፪
ጣሰው ትሕትናዬን አልዩ አምባ ገበያ ድረስ አውርቶታል። የገበያው እስላም ነጋዴዎች እነ ሸሪፍ ሳይቀሩ «ማሻአላህ!» አሉ ይባላል። ለአልታየች ስነግራት አልሳቀችም።
«ቀጭ ሲል ከጓዳ ሰምቻለሁ።»
ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን መጣሽ?»
«ታጥፈህ እዚያ ትደር? ግን ወንድሜን ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። እሱ ከልቡ አለቀሰ። አንተ ምን አደረግህ?»
ዞር ብዬ ቀለሜን ማማሰል ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ መልስ አላጣም ነበር። ተመልሳ ትሄድ ይሆን?

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን
ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን ወደ ጣሰው ቤት ወረድኩ። ወገቤ ደህና ነው። ድንጋዩ እዚያው አለ። ቁጢጥ አልኩ፣ በጉልበቴ አነሣሁት፣ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።
ጣሰው ወጣ። «ዘርአ ዳዊት! ደግሞ ምን አጠፋህ?»
«ያንኑ። የዚያን ለት ወገቤ ይዞኝ ነው ጎንበስ ብዬ የቀረሁት። ይቅርታ የምጠይቅህ ዛሬ ነው።»
ወደ እኔ ተራመደ። እግሩን ብቻ ነበር የማየው። የሚመታኝ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ግን አልተቃናሁም።
«ተነሥ» አለኝ በመጨረሻ።
ተነሣሁ።