መኪናውን ይዘህ ከሄድክ ወዲህ

ወንድም ጋሼ፣

ስትመጣ መብራት እንዳታበራ፤ ቆጣሪው ውስጥ ውሃ ገብቷል። ፍራሾቹን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። የልጆችህ መጫወቻም እዚያው ነው፣ አልረጠበም። ስትወጣ የጮኽኩብህ ነገር... መጮህ አልነበረብኝም።

ግን ለእረፍት ብለህ እዚህ ወንዝ ዳር አምጥተኸን፣ ጎርፉ ሲመጣ «ሚስቴንና ልጆቹን ከተማ አድርሼ በሁለት ሰዓት እመለሳለሁ» አልክና የውሃ ሽታ ሆንክ። ሁለት ቀን! እማዬ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ጠበቀችህ። ውሃው ደፉን አልፎ ሲገባ እንኳን «አሁን ይመጣል» ነበር የምትለው።

ዛሬ ጠዋት የቤቱ ጠባቂ በዚያች አሮጌ መኪናው ከከተማ መጥቶልናል። ክላክስ እያደረገ ነው። እማዬ አሁንም «ልጄ መንገዱ ተዘግቶበት ነው» እያለችው ነው።

የምንወጣው በዚያው መንገድ ነው።