በሲዶና ሞቼ ነበር

ይድረስ ለምወድዎ እናቴ ለወይዘሮ አዲስአለም፣ ወልድያ።

እማዬ፣ እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃውን መውጣት ቻሉ? አባባስ ዓይናቸው ከተሠራ ወዲህ ደህና ያያሉ? ክረምቱስ ጣራው ሳያፈስ አለፈላችሁ? እኔና ባለቤቴ ዋለልኝ እዚህ ስካርቦሮ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነን።

ባለፈው ስንደዋወል «ድምፅሽ ምነው?» ቢሉኝ በሥራ አሳብቤ ዘጋሁብዎት። በስልክ መናገሩ አልሆነልኝም። መስከረም ላይ ሊባኖስ ሄጄ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስዎ ሲዶና የሚላት፣ ሰባት ዓመት የሠራሁባት ሳይዳ። ዋለልኝ «ከዚያ ቤት ምን ቀረሽ?» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ሰው ቀርቶብኝ ነው እማዬ። በጨርቅ ተጠቅልላ ከሐኪም ቤት ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያሳደግኋት የአሠሪዎቼ ልጅ ሪም፤ ተናኘ ማለት አቅቷት «ታና» ትለኝ የነበረችው። ያኔ እሷ ትምህርት ቤት ሳለች ነው ሻንጣዬን አውጥተው የሸኙኝ፤ ሳልስማት።

ወደቡ እንዳለ ነው። ባሕሩ ውስጥ የቆመው አሮጌ ግንብ፣ ወደ እሱ የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይ፣ ቁጭ ብለው መረብ የሚጠግኑት ዓሣ አጥማጆች። በዚያ ሁሉ ዓመት ልብስ ሳሰጣ ከሰገነት ከማየት በቀር አንድ ቀን አልወረድኩበትም። አሁን እንደ ቱሪስት ትኬት ቆርጬ ገባሁ፤ ዓይኔ ግን ቤቱን ይፈልግ ነበር።

በሩን የከፈተችልኝ የድሮዋ አሠሪዬ ማዳም ናዋል ናት። አርጅታለች። መጀመሪያ «ሠራተኛ አንፈልግም» አለችኝ። ስሜን ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ኮረዳ ብቅ አለች፤ ዓይኗ ያው ነው። በዐረብኛ «ሪም፣ ታና ነኝ» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ታና ሞታለች» አለች።

ለካ ከሄድኩ በኋላ ልጅቷ እህል አልቀምስ ብላ በትኩሳት ወድቃ ኖሯል። በር በሩን እያየች አልተኛ ስትላቸው፣ ቁርጧን ትወቅ ብለው ሞተች አሏት። ማዳም ይህን እየነገረችኝ አለቀሰች፤ ልረግማትም ላጽናናትም አልቻልኩም።

ሪም ጫማዋን አጥልቃ «እንውረድ» አለችኝ። ወደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሕፃን ሳለች እንደምታደርገው አውራ ጣቴን ጨበጠች። ከዚያ «አንድ ጊዜ አልቅሼ ቀብሬሻለሁ። ነገ ደግሞ ትሄጃለሽ። ሁለቴ እንዴት ልቅበርሽ?» አለችኝ። የስልክ ቁጥሯን ብለምናት እንቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

የቀሩኝን ቀናት ትቼ ተመለስኩ። ሥራም ቤተ ክርስቲያንም እሄዳለሁ፤ ሰው ሲያናግረኝ ግን ልቤ የለም። ዋለልኝ «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ሻይ አፍልቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ እግዜር ይስጠው።

አባባን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ብሩኬን ትምህርቱን እንዳይተው አጥብቀው ይንገሩልኝ። እትዬ ሆሣዕናን፣ አራስ ናትና፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ፤ ሕፃኑንም አገላብጠው ይሳሙልኝ። ጎረቤት ደግሞ «ተናኘ እስካሁን አልወለደችም ወይ?» ሲልዎት አንገትዎን አይድፉ። «አንዲት አሳድጋለች፤ ባሕር ማዶ ናት» ይበሉልኝ።

ልጅዎ ተናኘ
ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.